ከአሥር ስንት ነው?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣
ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ በሜትር ቆጥሬ፣
ስንቱን ሙሽራ አልብሼ፣ ለስንቱ መግነዝ ቆርጬ፣
ዛሬ ተራው ደረሰኝ፣ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ።

ትርንጎ ለካችኝ።
ማዕዘን የሚያነብ፣ ሁለት ክንድ ያለው ፕላስቲክ ይዛ
ጉልበቴን አጠፈች፤ እኔ ጥርሴን ነከስኩ።
«አርባ ሁለት» ብላ ጻፈች፤ ቁጥሩን ሰምቼ አነስኩ።
«ጨርቁ አልበቃም» ብዬ ደንበኛ እመልስ ነበር፣
ለሱሪ ቢሆን ኖሮ። ለእግር ግን ማን ያበድር?

ጎንደር ሜዳ አልተረፈላትም፣
አንዱ አቀበት ካንዱ ቁልቁለት የተሰፋች ናት።
በክረምት፣ ከአራዳ በታች፣ ኮብልስቶኑ ረጥቦ፣
ፍሬኑን የሳተ ባጃጅ መጣ እንደ ቅጠል ተርገብግቦ።
ፔዳል የሚረግጠውን፣ ቀኝ እግሬን ነው ያገኘው።
ሰባት ብሎን፣ አንድ ብረት አስገብተው ሰፉት።
ስፌቱን አየሁት። መጥፎ አይደለም፣ ጥሩ ነው፤
ጠርዙ ላይ ትንሽ ቸኩሏል፣ ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነው።

«ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ትላለች በየጠዋቱ።
የመጀመሪያ ቀን «አሥራ አራት» አልኳት።
አልሳቀችም፤ አሥራ አራት ብላ ጻፈች፣
ፎጣ በእግሬ መዳፍ ሥር አሳልፋ «ጎትት» አለች።
«ቀስ… አንድ… ሁለት… ትንፋሽ እንዳትይዝ፣ ጋሼ ማንደፍሮ።»
ሳቃስት ሳቃስት፣ «ትርንጎ» አልኳት፣ «እጅሽና ስምሽ አይስማም፤
ይህን ስም ያወጣልሽ ሰው አሸተተ እንጂ አልቀመሰም!»

በክፍሉ ብዙ ነን። አንዲት እናት፣ ግማሽ ፊቷ የተኛ፣
አልታዘዝ ያለ ጣቷን ትቆጣዋለች እንደ ጓደኛ።
ከሁለቱ ብረት መሀል ይልቃል ይቆማል፣
ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።
ግራ እግሩ ከጉልበት በታች የለችም።
የት እንደቀረች አንጠይቅም፤ እሱም አይናገርም።
ሦስት ዝላይ ወዲህ፣ ሦስት ዝላይ ወዲያ።

ማክሰኞ፣ ላቡን እየጠረገ ጎኔ ተቀመጠ።
«ጋሼ፣ ልብስ ሰፊ ነህ አሉኝ።»
«ነበርኩ።»
«የዚህን ሱሪ አንድ እግር ታሳጥርልኛለህ?
በመርፌ ቁልፍ ይዤው፣ ስዘል ይፈታብኛል።»

ያን ሁሉ ዓመት ሱሪ ስሰፋ
ለሁለት እግር አንድ ቁጥር ነበር የምጽፈው።
ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ። ለቀኝ፣ አንድ መቶ ሁለት።
ለግራ፣
እጄ መሀል መንገድ ላይ ቆመች።
«እዚህ ጋ ነው» አለ፤ ጫፉን ራሱ ያዘልኝ።
ስልሳ አራት።

ያን ማታ የማሽኑን ልብስ ገለጥኩ።
«ኧረ እግርህን!» አለች የሺወርቅ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ።
ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩት፤ ተረከዜ አልወርድ አለ፣
ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ አለ።
አንድ… ሁለት… ትንፋሽ ሳልይዝ…
መዘውሯ ዞረች፣ መርፌዋ ወረደች።
ለአንዲት ጠርዝ አርባ ደቂቃ፣
ለሙሉ ኮት የማላወጣው ላብ።

ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ አመድማ፣ ክንድ የማይሞላ።
እንዲህ ያለውን ትራስ እሞላበት ነበር፣
ወይም የማሽን ዘይት እጠርግበት።
አሁን እጄ እምቢ አለኝ።
ልመልስለት? «ይኸው ቀሪህ» ይባላል?

ሐሙስ ጠዋት ጉልበቴ ስልሳ አምስት ገባ።
ደረጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ስግደቱ ገና ከዚያ ወዲያ ናቸው።
ማዶ፣ ከብረቶቹ መሀል፣ የይልቃል ጠርዝ እንደያዘ ነው።
«ከአሥር ስንት ነው?» አለች ትርንጎ።
ቁጥሩ ጠፋኝ። «ስንት ላይ ነበርን?» አልኳት።
ፎጣ ልታመጣልኝ ዘወር ስትል
«አለኝ» አልኩ።
ከኪሴ አወጣሁት፣
በእግሬ መዳፍ ሥር አሳለፍኩት፣
ሁለቱን ጫፍ ያዝኩና
ጎተትኩ።